ከስምንት ሰው በላይ መጫን ክልክል ነው

አልቋል። ባለፈው ቅዳሜ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ ጠረጴዛ ቁጥር አሥራ ሰባት ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየው ሠርቷል። ሦስት ፎቅ፣ አንድ ሊፍት፣ አሥራ ሁለት ተሳፋሪ፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሃያ አምስት ደቂቃ። ለሃያ አምስት ደቂቃ ዘጠኝ ዓመት በዛ የሚል ካለ፣ ያ ሰው ሊፍቱን አላየውም። እንኳን ደስ አለን።

የማን እንደሆነ ሳልናገር ቸኮልኩ። የዋርሳዬ ነው፤ የባሌ ታናሽ ወንድም። ዕድሜው አርባ ስድስት፣ ሥራው ሊፍት መጠገን ነው። ቀጭን ነው፣ ረጅም ነው፣ ጆሮው ላይ እርሳስ አይጠፋም፣ ሲናገር አይቸኩልም። በቤተሰባችን "ጋሽ ቀረችኝ" ይባላል። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት የቪዲዮ ጌም መሥራት ጀመረ፤ ከምን ደረሰ ተብሎ በተጠየቀ ቁጥር መልሱ "አንዲት ነገር ብቻ ቀረችኝ" ነበር። በየዓመቱ አንዲት ነገር ትቀረዋለች። በየዓመቱም ሌላ ነገር ናት።

ሥራው ላይ ላየው ሰው ይህ ስም ፈጽሞ አይገጥምለትም። ሊፍት ቆመ ተብሎ ሲጠራ መጀመሪያ "አገልግሎት አይሰጥም" የምትለውን ቢጫ ሰሌዳ ከቦርሳው አውጥቶ በሩ ላይ ይሰቅላል። ከዚያ ምንም ሳይነካ ጆሮውን በሩ ላይ ለጥፎ ያዳምጣል። የሕንፃ ባለቤቶች ሁሌም የሚያሙት ሞተሩን ነው፤ አርጅቷል፣ ደክሟል፣ አዲስ ይግባ ይላሉ። እሱ ሞተሩ ጤነኛ እንደሆነ፣ ከአሥር ብልሽት ስምንቱ የበር እንደሆነ ቀስ ብሎ ያስረዳና የበሩን ጎማ ቀይሮ በሃያ ደቂቃ ይጨርሳል። ሲጨርስ ሊፍቱን ባዶውን አሥር ጊዜ ያወጣዋል፣ አሥር ጊዜ ያወርደዋል። ዘጠነኛው ላይ ቢለምኑትም ሰሌዳዋን አያነሳም።

ይህ ሰው ቤቱ ገብቶ ኮምፒውተሩ ፊት ሲቀመጥ የት እንደሚሄድ እንጃ። ኮምፒውተሩ ያለው መኝታ ቤት ውስጥ፣ በአልጋውና በቁም ሣጥኑ መካከል ነው። ጠረጴዛው ከገባ ወዲህ ቁም ሣጥኑ እስከ ግማሽ ብቻ ነበር የሚከፈተው። ሁለተኛው ስክሪን ሲጨመር ወደ ሩብ ወረደ። ሚስቱ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፤ ጠዋት ጠዋት አንድ እጇን አስገብታ፣ በዳሰሳ፣ የደረሰችበትን ቀሚስ ለብሳ ትወጣለች። አንድ ቀን የባሏን ሸሚዝ ለብሳ ልብስ የምሰፋበት ሱቄ መጣች። ሳልጠይቃት "ዝም በይ" አለችኝ።

የጌሙ ሐሳብ የመጣው ከአክስቱ ነው። ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። በአንድ አሮጌ ሕንፃ ውስጥ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሊፍት ነድተዋል፤ ያኔ ሊፍት ነጂ ነበረው፣ ጥግ ላይ በርጩማ፣ በእጅ የሚዞር የነሐስ መያዣ። ሰው ሲገባ ስንተኛ ፎቅ ብለው አይጠይቁም ነበር። ጫማውን፣ የያዘውን ወረቀት፣ አተነፋፈሱን አይተው ያውቁታል። ጌሙም ይኸው ነው። ተሳፋሪ ይገባል፣ ታየዋለህ፣ ፎቁን ትገምታለህ። ካወቅህለት ሲወርድ ስለ ራሱ አንድ ዓረፍተ ነገር ይነግርሃል። ከተሳሳትህ ምንም አይልህም፤ አመስግኖህ ደረጃውን ይይዛል። ቅጣቱ ያ ብቻ ነው፤ ግን ቅር ያሰኛል።

ይህን ሁሉ አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ በጥገና ቅጽ ጀርባ ጻፈው። ሦስት ፎቅ፣ አሥራ ሁለት ተሳፋሪ። በአሥራ አንድ ወር ሠራው፣ ሄደለትም። ጌም የሚሠሩ ሰዎች "ኢንጂን" የሚሉት ነገር አለ፤ ቃሉ ሞተር ማለት ነው፤ እኔ እንደ ልብስ ሰፊነቴ የስፌት መኪናው ነው ብዬ ነው የተረዳሁት። ነገር እንዲወድቅ፣ በር እንዲከፈት፣ ድምፅ እንዲሰማ የሚያደርገውን ሌሎች አስቀድመው ሠርተው አስቀምጠውልሃል፤ አንተ ጨርቅህን ይዘህ ትቀመጣለህ። የእሱ የመጀመሪያ ኢንጂን ትንሽ ነበር፤ ስስ ሥዕሎችን ነው የሚያንቀሳቅሰው። ለእኛ አሳየን፤ አጨበጨብን። አክስቱ እንዳያዩት ግን ለመነን። ለእሳቸው የሚያሳየው ጌሙ ሙሉ ልብሱን ሲለብስ ነው።

ስሕተቱ የጀመረው እዚህ ላይ ነው። ቀሚስ ሊያሳጥር መጥቶ ሙሉ ልብስ አዝዞ የሚሄድ ደንበኛ ሞልቶኛል። ራሱ አዛዥ፣ ራሱ ሰፊ ሆኖ በራሱ ላይ እንዲህ የሚያዝዝ ግን ከዋርሳዬ በቀር አላየሁም።

መጀመሪያ ሦስት ፎቅ አነሰበት። እውነተኛው ሕንፃ አሥራ አንድ ነበር፤ አሥራ አንድ አደረገው። ሰውየው ከሊፍቱ ወጥቶ ወዴት ነው የሚሄደው? ኮሪደር አስፈለገ። ኮሪደር ካለ ክፍል አለ፣ ክፍል ካለ መስኮት አለ፣ በመስኮቱ ደግሞ መንገድ መታየት አለበት። መንገዱ አውቶቡስ ፈለገ፣ አውቶቡሱ ሾፌር፣ ሾፌሩ ሚስት፣ ሚስትየዋ የጥርስ ሕመም። ከዚያ ዝናብ መጣ። ዝናብ ሲመጣ ዣንጥላ፣ ዣንጥላ ሲመጣ ዣንጥላ ሻጭ። ዣንጥላ ሻጩ አርባ ሁለት ዓይነት ዣንጥላ ነበረው፤ አንድ በአንድ እያስከፈተ አሳይቶኛል። ባለ ነጠብጣቡ እውነትም ያምራል። ሊፍቱስ ብዬ ጠየቅሁት። የሊፍቱ አዝራር ከሁለት ዓመት በፊት መሥራት አቁሞ ነበር። እሱ ቀላል ነው አለኝ።

ኢንጂኑም አላረፈም። ኢንተርኔት ላይ ያገኘው፣ መልኩን አይቶት የማያውቅ አንድ ሰው፣ በዚያ ትንሽ ኢንጂን ቁም ነገር እንደማይሠራበት ነገረው። ወደ ትልቁ ተሻገረ። ትልቁ ኢንጂን ብርሃን ያውቃል። ጠዋት የነሐሱ መያዣ ላይ የሚያርፈውን ፀሐይ ሲያሳየኝ አፌን ከፍቼ ቀርቻለሁ። ግን ስሶቹ ተሳፋሪዎች እዚያ ውስጥ ሲገቡ ካርቶን መሰሉ፤ ሁሉም እንደ አዲስ በጎናቸውም በጀርባቸውም መሠራት ነበረባቸው። በአሥራ አራት ወር አራት ተሳፋሪ ወጣው። ከአራቱ እግር የነበራቸው ሁለቱ ናቸው። ኮምፒውተሩም እንደ ፀጉር ማድረቂያ ይጮህ ጀመር፤ ሚስቱ እየቀለደች ፀጉሯን ይዛ ከኋላው ትቆማለች።

ከዚያ የትልቁ ኢንጂን ባለቤቶች የአጠቃቀም ውላቸውን ሊለውጡ ነው የሚል ወሬ ሰማ። ወሬው ውሸት ሆኖ ተገኘ። እሱ ግን ይህ እስኪጣራ ድረስ በሰው መኪና አልሰፋም ብሎ የራሱን ኢንጂን ሊሠራ ተቀምጦ ነበር። ለአንድ ልብስ ብሎ ብረት ቀጥቅጦ የስፌት መኪና እንደ መሥራት ነው። ሁለት ዓመት ፈጀበት። በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ደስ ብሎት ሁላችንንም ጠራን፤ አክስቱም ሳይቀሩ መጡ። አልጋው ላይ ተደርድረን ተቀመጥን። ስክሪኑ ላይ አንዲት ኳስ ከላይ ወደ ታች ወደቀች።

አክስቱ መነጽራቸውን አስተካክለው "ወደቀች" አሉ።

"አዎ፣ በራሷ ክብደት ነው የወደቀችው።"

"ሊፍቱስ?"

"ይደርሳል፣ አክስቴ። መጀመሪያ መውደቅ መቻል አለበት።"

"እኔ ሃያ ዘጠኝ ዓመት እንዳይወድቅ ነው የጸለይኩት፣ ልጄ" አሉና ቦርሳቸውን አነሱ።

ሰፈራችን ውስጥ አንድ ቤተ መጻሕፍት አለ። በዓመት አንድ ቅዳሜ አዳራሹን ቤታቸው ጌም ለሚሠሩ ሰዎች ይከፍታል። እያንዳንዱ ሰው ጠረጴዛና ቁጥር ይሰጠዋል፤ የመጣው ሁሉ እየተቀመጠ ይጫወታል። ዋርሳዬ ስድስት ዓመት ተመዝግቦ ስድስት ዓመት ቀርቷል። የእሱ ጠረጴዛ አሥራ ሰባት ቁጥር ናት። ባለቤት ስላልነበራት ጎብኚዎች ካፖርታቸውን ይከምሩባታል። ለአክስቱ የገባላቸው ቃል ደግሞ እዚያች ጠረጴዛ ላይ፣ ሰው ባለበት፣ በርጩማ ላይ አስቀምጦ ሊያጫውታቸው ነበር። አክስቱ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፤ በየዓመቱ ለዚያ ቅዳሜ ፀጉራቸውን ይሠሩ ነበር።

ዘንድሮ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ደወለችለት። መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ የምታንጠለጥል፣ ቃል የማታበዛ ሴት ናት። ስምንት ሳምንት እንዳለው ነገረችው። ዘንድሮም ከቀረ ጠረጴዛዋን ለሌላ ትሰጣለች፤ ከእንግዲህም ስሙን አትመዘግብም። ካፖርት መስቀያ ገዝተናል አለችው።

ሰው እንዲህ ሲባል ይደነግጣል። እሱም ደነገጠ፤ ደንግጦ ዝርዝር ጻፈ። የቀሩት ነገሮች መቶ አሥራ አራት ሆኑ። ከዚያ ዓይኑ እየበራ ወደ ሚስቱ ሄዶ፣ ይህን ሁሉ ባንድ ላይ የሚችል አራተኛ ኢንጂን እንዳገኘ ነገራት። እሷ ብርድ ልብሱን አጣጥፋ አስቀመጠች።

በዚያ ሳምንት ሐሙስ ጠዋት አንድ ባለ ሰባት ፎቅ ቢሮ ውስጥ ሊፍት ሲጠግን ቆየ። በሩን ጠገነ፣ ባዶውን አሥር ጊዜ አመላለሰ፣ ሰሌዳዋን አነሳ። ደረጃው ሥር ሲጠብቅ የነበረው ሰው ግር ብሎ ገባ። ደወሉ ጮኸ፤ በሩ አልዘጋም አለ። ዘጠኝ ሰው ነበር።

አንድ ሰው እንዲወርድ ጠየቀ። አንዱ ቀጭን ነኝ አለ። አንዷ የምወርደው ሁለተኛ ላይ ነው፣ ምን አላት አለች። የሕንፃው ዘበኛ ደግሞ አሁን ተጠግኖ የለም እንዴ፣ እስቲ ይሞክር ብሎ አገዛቸው። ትልቅ ሞተር ግጠሙበትና እንገላገል የሚልም አልጠፋም። ዋርሳዬ ቀስ ብሎ ማስረዳት ጀመረ። ትልቅ ሞተር ወፍራም ገመድ ይፈልጋል፤ ወፍራም ገመድ ሌላ መዘውር ይፈልጋል፤ መዘውሩ ሌላ ግድግዳ ይፈልጋል። "ሊፍቱ የተሠራው ለስምንት ነው" አለ። "ሞተሩን የፈለገውን ያህል ብናተልቀው ዘጠነኛው ዘጠነኛ ነው። መጨረሻ የገባው ይውረድ።"

መጨረሻ የገባችው ሚስቱ ነበረች። የመድኃኒት ቤቱን ወረቀት ሰባተኛ ፎቅ ላይ ማህተም ልታስመታ ነው የመጣችው። አየችው፤ አያት። ያልፈኛል ብላ ፈገግ አለች።

"ይቅርታ እመቤቴ፣ ይውረዱ" አላት።

ወረደች። በሩ ተዘጋ። ሊፍቱ ስምንቱን ይዞ ወጣ፤ እሷ በደረጃ ወጣች።

ምሳ ሰዓት ላይ ሱቄ መጥታ ጫማዋን አውልቃ ተቀመጠች። የተቆጣች መስሎኝ ነበር፤ ከሳቅ ብዛት ግን መናገር አልቻለችም። በአሥራ ስምንት ዓመት ትዳር እመቤቴ ያለኝ ዛሬ ነው አለች። ሳቋ ሲበርድ የመቀሴን ጫፍ ስትነካካ ቆየችና ከቦርሳው አንድ ትርፍ ሰሌዳ ብወስድ የሚታወቅበት ይመስልሻል ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

እሑድ ረፋድ ላይ፣ እሱ ኮምፒውተሩን ሳይከፍት፣ ከስክሪኑ በላይ ያለው ግድግዳ ላይ አንዲት ሰሌዳ አጣብቃ ጠበቀችው። "ከ8 ሰው በላይ መጫን ክልክል ነው" ትላለች፤ እሱ በየሊፍቱ የሚለጥፋት ሰሌዳ ናት።

"ይሄ ሊፍት አይደለም" አላት።

"በሩ አልዘጋ ካለህ ስንት ዓመትህ ነው?"

ኮምፒውተሩን ሊከፍት እጁን ዘረጋ።

"ሦስተኛ ሞተር ላይ ደርሰሃል። አሁን ደግሞ አራተኛ አምጥተሃል። እኔን፣ ሚስትህን፣ ሰው ፊት አስወርደኸኛል፤ ልክ ነበርክ፤ ቅር አላለኝም። ዣንጥላ ሻጩ ከእኔ ይበልጣል?"

ሰሌዳዋን ቀና ብሎ አያት። ከዚያ እርሳሱን ከጆሮው አነሳ፣ የጥገና ቅጽ አወጣ፣ ጀርባው ላይ ከአንድ እስከ ስምንት ቁጥር ጻፈ። ሊፍቱ ገባ። ሦስቱ ፎቆች ገቡ፣ አሥራ ሁለቱ ተሳፋሪዎች ገቡ። በርጩማው ከነመያዣው፣ የበሩ ድምፅ፣ ተሳፋሪዎቹ የሚናገሩት፣ የጀምርና የጨርስ አዝራሮች። ስምንተኛ ቦታ ላይ ስሙ በትልቁ የተጻፈበት መግቢያ ገጽ ገባና ሞላ። ዣንጥላ ሻጩን አልደመሰሰውም፤ ኮምፒውተሩ ላይ "ደረጃ" የሚል ፎልደር ከፍቶ ሾፌሩንም፣ የሾፌሩን ሚስትም፣ ዝናቡንም ወደዚያ ሸኛቸው።

ኢንጂኑ ብቻ ቀረ። የትኛው ላይ ነው የሚሠራው ብላ ጠየቀችው። ስለ አራተኛው ብርሃን ሊነግራት ጀመረ።

"የትኛው ላይ ነው ሊፍቱ የሚወጣው?"

"የመጀመሪያው ላይ። ግን እሱ እኮ . . ."

"ይወጣል አይወጣም?"

"ይወጣል።"

የስምንት ዓመት አቧራ የጠጣውን ሥራ ከፈተ። አልከፈትም ይለኛል ብሎ ፈርቶ ነበር፤ ተከፈተ። ግራጫው ሊፍት ወረደ፣ በሩ ተከፈተ፣ ባርኔጣ ያደረገ አንድ ስስ ሰውዬ ገብቶ ቆመ። ፊቱን ወደ እነሱ አዞረ። ምንም ቅሬታ አልነበረበትም፤ ፎቁን ብቻ ነው የሚጠብቀው።

ሰባቱ ሳምንት እንዲሁ አለፉ። ሁለት ጊዜ ዝናብ አምሮት ነበር፤ ድምፁን ብቻ፣ ትንሽ ብቻ አለ። ሚስቱ ከወዲያኛው ክፍል ቀና ሳትል "ማን ይውረድ?" ትለዋለች። ያስባል፤ ተመልሶ ይቀመጣል።

አሥር ቀን ሲቀረው ስለ ነሐሱ መያዣ ሊጠይቃቸው አክስቱ ጋ ሄደ። ስለ መያዣው ነገሩት። ከዚያ ሳይጠይቃቸው ሌላ ነገር ጨመሩ፤ የእሳቸው ሊፍት ለስለስ ብሎ አይቆምም ነበር። አንድ ጣት ያህል ዝቅ ብሎ ይቆምና እንደ መደንገጥ ብሎ ወደ ላይ ይነሣል። ያኔ ሰው ሁሉ ግድግዳውን ይይዛል። "ሰው እውነተኛ ፊቱን የሚያሳይህ ያኔ ነው" አሉት። "እኔ በጫማ አይደለም ያወቅኋቸው፤ በዚያች ድንጋጤ ነው።"

ፊቱ ተለውጦ ተመለሰ። ድንጋጤዋ የግድ መግባት አለባት፤ ያለ እሷ የእሳቸው ሊፍት አይደለም። ሚስቱ ማን ይውረድ አለችው። ሁለት ቀን ቅጹን ሲያይ ሰነበተ። በሦስተኛው ቀን እርሳሱን አንሥቶ ስምንተኛውን ሰረዘ። ስሙ ያለበትን ገጽ። ያን ጊዜ ተከራካሪዋ እሷ ሆነች፤ የበሩ ድምፅ ይውረድ፣ ስምህ ይቆይ አለች።

"መጨረሻ የገባው ነው የሚወርደው" አላት።

ቅዳሜ ዕለት አዳራሹ ሳይከፈት ደረሰ። ቢጫዋን ሰሌዳ ስክሪኑ ላይ ሰቀለ፤ ሊፍቱን ባዶውን አሥር ጊዜ አወጣ፣ አሥር ጊዜ አወረደ። ሰሌዳዋን አነሳ። ጎብኚዎች ገቡ። ከፊት የነበረች ሴት በለመደችው ካፖርቷን ይዛ ወደ አሥራ ሰባት ቁጥር መጣችና ጠረጴዛዋ ላይ ሰው ስታይ ግራ ገባት። ኃላፊዋ በጣቷ መስቀያውን አሳየቻት።

አክስቱ ፀጉራቸውን ተሠርተው መጡ። በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ባለ ባርኔጣው ገባ፤ ትንሽ አይተውት ሦስተኛ ላይ አወረዱት። ሊፍቱ ሲቆም አንድ ጣት ዝቅ ብሎ ደነገጠ። የአክስቱ ግራ እጅ ሄዶ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘ። ለምን እንደያዙት ራሳቸው ያወቁት አይመስለኝም። ከዚያ በኋላ እጃቸውን አላነሱም። ከአሥራ ሁለቱ አሥራ አንዱን አወቁ። የሳቱትን አንዱን፣ እሱ ይዋሻል ብለው አለፉት።

ምሳ ሰዓት አካባቢ ስክሪኑ ላይ አንዲት ተሳፋሪ በሩን ትታ በግድግዳው ወጣች። ዋርሳዬ "አገልግሎት አይሰጥም" የምትለውን ሰቀለ፤ ጠገነ፤ ባዶውን ማመላለስ ጀመረ። ሰልፍ የያዘው ሰው የጌሙ ክፍል መስሎት ጮክ ብሎ ይቆጥርለት ነበር። አሥር ሲሉ አነሳት። አንድ ጎብኚ ግሩም ነው፣ ግን ውጭውን መንገድ ብትጨምርበት አለው። ጆሮዬን ጣልኩ። ሚስቱም ጣለች።

"ሞልቷል" አለው።

ሌላው ደግሞ ስም የለበትም፣ የማን ሥራ ነው ብሎ ጠየቀ። እሱ ወደ አክስቱ አመለከተና "ሊፍቱ የእሳቸው ነው" አለ። አክስቱ አልካዱም። ኃላፊዋ መነጽሯን አድርጋ፣ ሳትጠይቀው፣ የመጪውን ዓመት መዝገብ ከፍታ አሥራ ሰባት ቁጥር ላይ ስሙን ጻፈች። ሁለተኛው ስክሪን ወደ ጓዳ ገብቷል፤ ቁም ሣጥኑ እስከ መጨረሻው ይከፈታል። ሰኞ ዕለት ሚስቱን የራሷን ቀሚስ ለብሳ አየኋት።

እንግዲህ ጌሙ የማን እንደሆነ አይናገርም፤ ስሙ ወርዷል። አንድ ሰው መናገር አለበት። ባሌን ነግሬዋለሁ፣ ደንበኞቼን ነግሬያቸዋለሁ፣ እናንተንም ነገርኳችሁ። የዚያ ቢሮ ዘበኛ ግን ገና አልሰማም፤ ያ እስቲ ይሞክር ያለው። ሰባተኛ ፎቅ ላይ ያለችው ማህተም መቺም አልሰማችም። ሱቁን ቆልፌ ልሄድ ነው። ሊፍቱ ከሞላ በደረጃ እወጣለሁ።